የወሩ አየር፦ ነሐሴ በመተማ ቆላ

በደጋ ያለን ቤተሰቦች በነሐሴ ወር እሳት ዳር ተሰብስበን፣ ጋቢ ደርበን ስንቀመጥ፣ ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ የወረደው ልጃችን ወይም ወንድማችን እንደ እኛው በብርድ የሚንቀጠቀጥ ይመስለናል። ስለዚህም ስንቁን ስናሰናዳለት አስቀድመን የምናስበው ወፍራም ልብስ ነው። የቆላው ክረምት ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ይልቁንም የሚያሠጋው ዝናሙ ሊያባራ ሲቃረብ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት 6 ዲግሪ ያኽል እየሞቀ ይሄዳል። በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የመተማ የቀን ሙቀት በነሐሴ ወደ 30 ዲግሪ ቢወርድ ነው፤ ሌሊቱም ወበቅ አያጣውም። በዓመት ከ800 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናም ይወርዳል። ይህም ማለት በአንዲት ካሬ ሜትር መሬት ላይ እስከ 1,000 ሊትር ውሃ ይፈስሳል ማለት ነው። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው፤ እዚያ የሚታመኑበት የበልግ ዝናም የለም።

እንግዳውን ሰው የሚያስገርመው የዝናሙ አመጣጥ ነው። እርጥበት የተሸከመው የክረምት ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ነጎድጓዱን ያዘለው ደመና ግን ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ፣ ከደጋው በኩል ይመጣል። ይኸውም ከቀትር በኋላ በተራሮቹ ላይ የተቋጠረውን ደመና ከፍ ብሎ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ወደ ሱዳን ሜዳ ስለሚገፋው ነው። በደጋው ከሰዓት በኋላ የጀመረው ነጎድጓድ ወደ ቆላው የሚደርሰው ሲመሽ ወይም ሌሊት ነው። በክረምቱ መግቢያ ላይ ሱዳኖች «ሀቡብ» የሚሉት እንደ ግድግዳ የቆመ አቧራ ከዝናሙ ፊት ይቀድማል፤ በነሐሴ ግን መሬቱ ስለ ራሰ አቧራው ይቀራል።

የወንዞቹም ነገር እንዲሁ ነው። ከጣና ሰሜን ምዕራብ ካሉት ከፍታዎች የሚነሣው ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ሽንፋም ራሀድ ይሆናል። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በሰኔ 1853 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1861፣ በደረቀው የአትባራ ወንዝ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ፣ ሌሊት የሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰማ። በዚያ አገር አንድ ጠብታ እንኳ አልወረደም፤ በሰማዩም ደመና አልነበረም። ሲነጋ ግን ወርዱ ከ400 ሜትር የሚበልጥ ወንዝ ሞልቶ አገኘው። ውሃው የመጣው ከእኛ ተራሮች ነበር። ዛሬም ቢሆን በመተማ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጓንግ ሊሞላ ይችላል። ከእርሻ የሚመለስ ሠራተኛ፣ በተለይ ዋና የማያውቅ የደጋ ልጅ፣ የራሱን ሰማይ ብቻ አይቶ ወደ ወንዙ እንዳይገባ አጥብቃችሁ ንገሩት።

ገበሬው በዚህ ወር የሚመኘው ዝናም ፋታ ያለው ዝናም ነው። ጥቁሩ የዋልካ መሬት ውሃ ሲጠግብ አያሳልፍም፤ ማሽላ ይህን ይታገሣል፤ ሰሊጥ ግን ውሃ ለጥቂት ቀናት ከተኛበት ሥሩ ታፍኖ ይጠወልጋል። በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ነዶው ተደግፎ ሲደርቅ የሚመጣ ዝናም ፍሬውን ያጠቁረዋል። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቈያል፤ በቆላውም ዝናሙ የሚሳሳው በዚያው ሰሞን ገደማ ስለ ሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ደመናዎች የዓመቱን ድካም ሊያበላሹ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱ ዝናም ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛው በታች የመሆኑን ዕድል አስቀድሞ ይናገራል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ በብዙ የአገራችን ክፍሎች ዝናሙን እንዳሳጠረ እናስታውሳለን። ነገር ግን የወቅቱ ትንበያ ዕለቱን አይነግርም፤ ሰሊጥ ለሚያጭድ ሰው የሚበጀው የ2 እና የ3 ቀን ትንበያ ነውና በሬዲዮም ሆነ በስልክ ይህንኑ ይከታተል።

አሁን ወደ ስንቁ እንመለስ። ከባድ ዝናም የወባ ትንኝን እጭ ጠርጎ ይወስዳል፤ ዝናሙ ሲያባራ ግን ውሃው በየጉድጓዱ ረግቶ ይቀርና በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር ወባ ይበረታል። ዋልካው ደርቆ ሲሰነጠቅ ደግሞ ካላዛርን የምታስተላልፈው፣ ከትንኝ የምታንሰው የአሸዋ ዝንብ በስንጥቁ ውስጥ ትሸሸጋለች፤ ማታም ከዛፍ ሥር የተኙትን ትነክሳለች። አጨዳውና እነዚህ ሁለት በሽታዎች በአንድ ወቅት ይገናኛሉ፤ የደጋ ሰው ደግሞ ሰውነቱ አልለመዳቸውም። እንግዲህ ከዘመን መለወጫ በኋላ የሚወርድ ልጅ ካላችሁ፣ ከጋቢው ይልቅ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ስጡት።

ካላዛር ከተነከሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ለወራት ሳይታወቅ ይቈያል። ልጃችሁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ከ2 ሳምንት የሚበልጥ ትኩሳት ቢይዘው፣ ቢከሳና ጣፊያው ቢያብጥ፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የሚሆን ሕክምና አለ። ለሐኪሙም መተማ ሠርቶ መመለሱን ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩት።