የቤተሰብ ዓምድ፦ ፊደልም ዘብ ይሻል



የዛሬው ዓምዳችን የሚያተኩረው ከግዳጅ መልስ፣ ራት ተበልቶ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ባልና ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያከናውኑት በሚችሉት የበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ ነው። ይኸውም ወደ ኮምፒዩተር የተላለፉ አሮጌ መጻሕፍትን ከዋናው ኅትመት ጋር እያስተያዩ ማረም ነው። ደመወዝ የለውም፤ ማዕረግም አያስገኝም። ይሁን እንጂ ጥቅሙን ለመረዳት በጎረቤታችን በሐርጌሳ የደረሰውን መመልከት ይበቃል።

ከቶጎ ውጫሌ ማዶ የምትገኘው ይህች ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖችና መድፎች ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈርሷል። ነዋሪው ነፍሱን ለማዳን ወደ ሀርተሼክ ሲጎርፍ ከፍርስራሹ ሥር የቀረው መጽሐፍ፣ ደብዳቤና ካሴት ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ከራዲዮ ሐርጌሳ ቅጂዎች ሊተርፍ የቻለው ከመሬት በታች የተቀበረውና ወደ ጎረቤት አገሮች የተሻገረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶችን አሰባስቦ ወደ ዲጂታል ቅጂ የመለወጥ ሥራ ጀምሯል። በ2008 የተጀመረው የመጻሕፍት ዐውደ ርእይም የከተማይቱ መታወቂያ ሆኗል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ሥፍራ ብቻ የተቀመጠ ቅጂ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

ሆኖም ቅጂን ማብዛት ብቻውን አያድንም፤ ስሕተት ያለበት ቅጂ ሲበዛ ስሕተቱም አብሮ ይበዛልና። መጽሐፍ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ በመጀመሪያ ገጹ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቀጥሎ ማሽኑ ከፎቶግራፉ ላይ ፊደላቱን እየለየ ወደ ጽሑፍ ይለውጣቸዋል። ወረቀቱ የወየበ ወይም ቀለሙ የደበዘዘ እንደ ሆነ ማሽኑ ይገምታል። በዚህም የተነሣ «ሰማ» የተባለው «ለማ» ሆኖ ሊወጣ፣ የአንዲት ቅጥል መሳትም «ጦር»ን «ጡር» ልታደርግ ትችላለች። አራቱም በቋንቋችን ያሉ ቃላት ስለ ሆኑ ተራ የፊደል መፈተሻ ፕሮግራም በዝምታ ያልፋቸዋል። የዐረፍተ ነገሩን ሐሳብ እየተከታተለ የሚያነብ ሰው ግን ይነቃባቸዋል። ሶማልኛም የራሱ ችግር አለው። በ1972 የላቲን ፊደል ሲመረጥለት የ«ሐ» እና የ«ዐ» ድምፆች «ኤክስ» እና «ሲ» በተባሉት ፊደላት እንዲጻፉ ስለ ተደረገ፣ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መፈተሻ ትክክለኛውን የሶማልኛ ቃል እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል።

ይህን መሰሉን ሥራ በሰፊው ካደራጁት አንዱ «ዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ» የተባለው የአራሚዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩን በ2000 ያቋቋመው ቻርልስ ፍራንክስ ሲሆን፣ ዓላማው ማይክል ሃርት በ1971 የጀመረውን «ፕሮጀክት ጉተንበርግ» የተባለ የነጻ መጻሕፍት ስብስብ መርዳት ነበር። በበጎ ፈቃደኞቹ ጥረት ከ40,000 በላይ መጻሕፍት ለንባብ በቅተዋል። ምስጢሩ የሥራ ክፍፍል ነው። ማንም መጽሐፉን በሙሉ ብቻውን አይሸከምም፤ አንድ አንድ ገጽ ይወስዳል እንጂ። የገጹ ፎቶግራፍና ማሽኑ ያወጣው ጽሑፍ ጎን ለጎን ይቀርቡለታል፤ እርሱ አርሞ የጨረሰውንም ሌላ አራሚ እንደ ገና ይመረምረዋል። «ዊኪሶርስ» በተባለው ቤተ መጻሕፍትም ያልታረመ ገጽ ቀይ፣ አንድ ሰው ያረመው ቢጫ፣ ሌላ ሰው ያረጋገጠው አረንጓዴ ምልክት ይሰጠዋል። ራሱ ያረመውን ገጽ ራሱ አያረጋግጥም። ተረኛ ዘብ ቦታውን ለተተኪው ሳያስረክብ እንደማይሄድ ሁሉ እዚህም ኃላፊነቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ሥራውን ለመጀመር የምትሹ ሁሉ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ምዝገባው በነጻ ነው። መጠሪያ ስትመርጡ ግን ማዕረጋችሁን፣ የክፍላችሁን ስምና የሰፈራችሁበትን ሥፍራ ከቶ አታስገቡ።

ሁለተኛ፣ መመሪያውን አንብባችሁ ለጀማሪዎች ከተለዩት መጻሕፍት አንዱን ምረጡ፤ ልምድ ያላቸው አራሚዎች ሥራችሁን ተመልክተው አስተያየት ይልኩላችኋል። በዚያ የሚታረሙት በአብዛኛው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስለ ሆኑ ቋንቋውን ለማሻሻል ለሚፈልግ ሁሉ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉም የአባት የእናታቸውን አሮጌ ደብዳቤ በኮምፒዩተር ጽፈው በዚሁ ደንብ በማረም ሊለማመዱ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ የደራሲን መብት አክብሩ። በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል።

አራተኛውና ዋነኛው፣ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ ጠብቁት። የራዲዮ ኦፕሬተር የአዛዡን መልእክት አያሳምርም፤ የተቀበለውን ቃል በቃል ደግሞ ያረጋግጣል እንጂ። አራሚም እንዲሁ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙትን ልብ ወለድ የሚያርም ሰው የፊደል አጣጣላቸው ከዛሬው ቢለይበት «አሻሻልሁ» ብሎ ሊለውጠው አይገባም። የማሽኑን ስሕተት ማንሣት የእርሱ ሥራ ነው፤ የደራሲውን ቃል መለወጥ ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። የቀደሙት ሰዎች እንዴት ይጽፉ እንደ ነበር ተተኪው ትውልድ የሚማረው ከዚያው አጻጻፍ ነውና።

ባልና ሚስት አብረው ሲሠሩ አንዱ ከዋናው ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው በጽሑፉ ላይ ይከታተል። በየግማሽ ሰዓቱም ተለዋወጡ፤ የደከመ ዐይን በገጹ ላይ ያለውን ትቶ የለመደውን ያነባልና። ባለቤትዋ ሩቅ ግዳጅ ላይ ያለ እኅትም ብቻዋን ልትሠራው ትችላለች። የመስመሩን ታች በወረቀት እየሸፈነች አንድ አንድ መስመር ብትመለከት ዐይንዋ አይዘልም። በቀን አንድ ገጽ ብታርም በዓመት 365 ገጽ ይሆናል፤ ይህም አንድ ደኅና መጽሐፍ ማለት ነው።

በሐርጌሳ ካሴቱን ከመሬት በታች የቀበሩ ሰዎች ቀኑ ሲያልፍ የሚሰማው ትውልድ እንደሚመጣ አምነው ነበር። እኛም ለልጆቻችን የምናስረክበው መጽሐፍ ደራሲው የጻፈው እንጂ ማሽን የገመተው እንዳይሆን ዛሬ ማታ በአንድ ገጽ እንጀምር።