ልጄ የስኩዊረል ጦር እያደራጀ ነው፣ ምን ይሻለኛል?

ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ ከተለመደው የፍቅርና የትዳር ጥያቄ ወጣ ያለ ነው፡፡ የጻፉልኝ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ አባት ናቸው፡፡ ስሜ አይጠቀስ ብለዋል፡፡

«አሥራ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ፡፡ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ ስለምሠራ በቅጡ የምንገናኘው እሁድ እሁድ ነው፡፡ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም፡፡ በሳምንት ከእኔ ጋር የሚያወራው ከአሥር ቃል አይበልጥም፡፡ በቀደም ግን አንድ ቁልል ካርታ ይዞ መጣና ‹አባዬ፣ የስኩዊረል ዴክ እየሠራሁ ነው፣ አብረን እንጫወት?› አለኝ፡፡ ሥዕሎቹን ሳገላብጥ አጽም አየሁ፣ ጠንቋይ አየሁ፡፡ ደግሞ ለአንዲት ወረቀት የሁለት ቀን ምሳዬን ዋጋ ጠየቀኝ! ቁማር ነው ወይስ ጥንቆላ? ልከልክለው ወይስ ዝም ልበለው?»

ወንድሜ፣ መልሴን አላንዛዛውም፡፡ ይጫወቱ! የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አባቱን «አብረን እንጫወት» ያለበት እሁድ በየሳምንቱ አይመጣም፡፡ ሁለት ዓመት ቆይቶ እርስዎ ቢለምኑትም በሩን ላይከፍት ይችላል፡፡ የቀረው ጨዋታው ምን እንደሆነና ገንዘብዎን ሳይጨርስ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው፡፡

በመጀመሪያ ስለ እንስሳዋ እንግባባ፡፡ አገር ቤት ሽኮኮ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የምትለን ዓለት መሀል የምትኖረዋ ጭራ የለሽ ናት፡፡ የልጅዎ ግን እዚያው ደጅዎ ዛፍ ላይ የምትሯሯጠው ባለ ትልቅ ጭራ ናት፡፡ ስለዚህ ልጁ እንዳለው ስኩዊረል እንበላት፡፡

ጨዋታው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል፡፡ የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ምሁር ሲሆን፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. አወጣው፡፡ እንደ ኮንከር ሁላችሁም ከአንድ ካርታ አትስቡም፡፡ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ካርታ መርጦ፣ አሰናድቶ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፡፡ ያ የተሰናዳው ነው ዴክ የሚባለው፡፡ አጽሙና ጠንቋዩ የተረት ሥዕል ነው፤ የሚደገም ነገር የለበትም፡፡ ያም ሆኖ ቤትዎ እንዲገባ የማይፈልጉት ሥዕል ካለ ለልጅዎ በግልጽ ይንገሩት፣ በሌላ ይተካዋል፡፡

ቁማር ነው ወይ ላሉት ግን ግማሽ እውነት አለዎት፡፡ ጨዋታው ቁማር አይደለም፤ የታሸገው ፓኬት ግን የሎተሪ ጠባይ አለው፡፡ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ ይገዛሉ፣ የፈለጉት አይወጣም፣ ሌላ ይገዛሉ… ደመወዝ የሚበላው ይህ ነው! ስለዚህ ሕግ ያውጡ፤ የታሸገ አይገዛም፣ የሚፈለገው ካርታ በነጠላ ብቻ ይገዛል፡፡ ውድ የሆነውን ደግሞ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ሌላ ካርታ ላይ ብትለጥፉት ቤት ውስጥ የሚከሳችሁ የለም፡፡ ይፋዊ ውድድር ላይ ነው የማይፈቀደው፡፡

አሁን ወደ ጦሩ እንግባ፡፡ ለቤተሰብ የምመክረው ኮማንደር የሚባለውን ዓይነት ነው፡፡ ዴኩ መቶ ካርታ ነው፡፡ ከተራ መሬቶች በቀር አንድ ካርታ ሁለቴ አይገባም፡፡ ከመቶው አንዱ አዛዥ ሆኖ ፊት ለፊት ይቀመጣል፡፡ እያንዳንዱ ተጫዋች አርባ ነጥብ ሕይወት ይዞ ይጀምራል፡፡

ለስኩዊረል አዛዡ ማን ይሁን ብለው ቢጠይቁኝ ሳላመነታ በ2021 የወጣውን ቻተርፋንግን እላለሁ፡፡ ጠባዩ ይገርማል፡፡ እርስዎ ቶከን፣ ማለትም ከካርታ ሳይሆን በሌላ ካርታ ትእዛዝ የሚፈጠር ነገር ባወጡ ቁጥር፣ የዚያኑ ያህል ስኩዊረል በላዩ ይጨምርልዎታል፡፡ ከዚያም አንድ ጥቁር ማና ከፍለው የፈለጉትን ያህል ስኩዊረል ቢሠዉ፣ የጠላትን ፍጡር ዕድሜ በዚያው ልክ ቀንሶ ሊገድለው ይችላል፡፡ ለዚህ ነው ዴኩ አረንጓዴና ጥቁር የሚሆነው፡፡

ከመቶው ሠላሳ ስድስት ያህሉን መሬት ያድርጉት፡፡ ልጆች መሬት አይወዱም፤ ጦረኛ ብቻ መሰብሰብ ይፈልጋሉ፡፡ ማና የሚወጣው ግን ከመሬት ነው፡፡ መሬት የሌለው ጦር ስንቅ እንደሌለው ነው፣ እጅ ላይ ተቀምጦ ያልቃል፡፡

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት፡፡ ዲሬንጅድ ኸርሚት የሚባል በ1999 የወጣ ካርታ አለ፡፡ አምስት ማና ይከፈልበታል፡፡ ሲወጣ አራት ስኩዊረል ይዞ ይመጣል፣ ስኩዊረሎችንም ሁሉ በአንድ ነጥብ ያጠነክራል፡፡ ቻተርፋንግ ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ካለ አራቱ ስምንት ይሆናሉ፡፡ በወጡበት ዙር ማጥቃት አይችሉም፡፡ በሚቀጥለው ዙር አምስት ማና እንደገና ከፍለው ኸርሚቱን ካቆዩት፣ ስምንቱ በሁለት ሁለት አሥራ ስድስት ይመታሉ፡፡ ሦስት የነበረው ቻተርፋንግም ራሱ ስኩዊረል ነውና አራት ይሆናል፡፡ በድምሩ ሃያ! የአንድ ሰው ግማሽ ሕይወት በአንድ ጥቃት ሄደ ማለት ነው፡፡ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ልጁ በእጁ ይዞታል፣ ተረቱን የሚነግረው ሰው ነው ያጣው፡፡

ይቺን ስሌት አማርኛ ላይ ያውሏት፡፡ ስኩዊረሎቹን ልጁ ራሱ ይቁጠራቸው፣ በአማርኛ፡፡ «ስንት ደረሱ?» ብለው ይጠይቁት እንጂ «አማርኛ ተናገር» አይበሉት፡፡ ጨዋታ የያዘ ልጅ ለመቁጠር አያፍርም፡፡

ስከልክላምፕ የተባለውን የ2004 ካርታ ግን ፈጽሞ እንዳይረሳው፡፡ ለማውጣት አንድ፣ ለማስታጠቅ አንድ ማና ነው፡፡ የታጠቀው ፍጡር ጉልበቱ በአንድ ይጨምራል፣ ዕድሜው በአንድ ይቀንሳል፤ ሲሞት ባለቤቱ ሁለት ካርታ ይስባል፡፡ ትንሿ ስኩዊረል ዕድሜዋ አንድ ብቻ ስለሆነ እንደታጠቀች ትሞታለች፡፡ ጨካኝ ይመስላል፤ እጅዎ ግን በካርታ ይሞላል፡፡

እጅ መሙላቱ የሚያስፈልገው የዚህ ጦር ትልቁ ጠላት ጠረጴዛውን ሙልጭ አድርጎ የሚጠርግ ካርታ ስለሆነ ነው፡፡ ራዝ ኦፍ ጎድ የሚባለው አንዱ ነው፤ ሃያ ስኩዊረል ይኑርዎት ሠላሳ፣ ሁሉንም በአንዴ ይጨርሳቸዋል፡፡ ልጅዎ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ከሆነ ዓይኑ ዕንባ ያቀርራል፡፡ ሁለት ሦስት ካርታ እጁ ላይ ማቆየት ይልመድ፡፡

በነገራችን ላይ በ2001 የወጣው ስኩዊረል ኔስትና በ1997 የወጣው ኧርዝክራፍት አንድ ላይ ከተገናኙ ስኩዊረል ያለ ገደብ ይፈለፈላል፡፡ አንዱ ተራ መሬትን ስኩዊረል ማፍሪያ ያደርጋል፣ ሌላው የተፈጠረችውን ስኩዊረል ተጠቅሞ መሬቱን መልሶ ያነሣል፡፡ ማቆሚያ የለውም፡፡ እኔ ለእሁድ ከሰዓት አልመክረውም፡፡ ኧርዝክራፍት ውድ ነው፤ ከዚያም በላይ ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል፣ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት ሰዓቱን ነው፡፡

ይህን ሁሉ ማን ይለቅማል ካሉ፣ በ2024 ስኩዊረልድ አዌይ የሚባል መቶ ካርታ ተሰናድቶ ወጥቷል፡፡ አዛዡ ሌላ ነው፣ ሄዘል ትባላለች፡፡ እሱን ይዞ በየወሩ አንድ ሁለት ካርታ መቀየር ይቻላል፡፡ በጀቱን በወር ቆርጠው ይስጡት፣ ምርጫውን ለሱ ይተዉለት፡፡

እርስዎ በምን ይጫወታሉ? ልጁ ከጓደኛው ሁለተኛ ዴክ ይዋስልዎት፡፡ ሕጉን ከእኔ ደብዳቤ ሳይሆን ከሱ ይማሩ፡፡ ያልገባዎትን ሦስት ጊዜ ይጠይቁት፡፡ የመጀመሪያዎቹን እሁዶች ይሸነፋሉ፤ ግን ሆን ብለው አይሸነፉለት፣ ወዲያው ያውቅብዎታል፡፡ ስንት ለስንት እንደሆናችሁ ይጻፉልኝ፡፡

ለሳምንት ሰው ይበለን፡፡