ሁለት ተስፋ በአንድ ተጠባባቂ

እኛ የካ አባዶ የምንኖር፥ ስድስት ኪሎ የምንማር ስምንት ልጆች የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ነን። ኮሚቴ ስንባል ማኅተምም ቢሮም የለንም፤ ያለን አንድ ደብተር፥ ዐሥራ አራት ማሊያ፥ ሦስት ኳስና ብዙ ክርክር ነው። የክረምቱ የሰፈር ውድድር ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፥ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ቡድን መልእክተኛ ልኮ አንድ ሐሳብ አቀረበልን። እነርሱ ዘንድ የ21 ዓመት አጥቂ አለ። ይህ ልጅ ለአንድ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ሁለት ዓመት ፈርሞ፥ አብዛኛውን ጊዜ በተጠባባቂ ወንበር ላይ አሳልፎ፥ ውሉ ሲያልቅ መልቀቂያውን ይዞ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ ነው። እርሱን እንድንወስድ፥ በምትኩም ከታዳጊዎቻችን መካከል የ16 ዓመቱን አማካይና የ15 ዓመቱን የግራ ተከላካይ እንድንሰጥ ነው የጠየቁን።

ከዚያች ማታ ወዲህ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሌላ ወሬ የለንም። አንድ ቀን ረዳቱ እንኳ ሒሳብ እየተቀበለ ሲሰማን ቆይቶ «አምጡት እንጂ፤ ምን ታስባላችሁ!» ብሎ ድምፁን ሰጥቶናል።

አንባቢያችን የኮንዶሚኒየም ጀርባ ጨዋታ ለተማሪዎች መጽሔት ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄው የሰፈር ብቻ አይደለም። ገና ያልተፈተነ ልጅ ሰጥቶ፥ ተፈትኖ ያልተሳካለትን ወጣት መውሰድ ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ? በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ ቡድኖች በየዓመቱ የሚሳሳቱበት ጥያቄ ይኸው ነው። በእኛ አገር ክለቦች ታዳጊዎቻቸውን የሚያሰባስቡበትን ቡድን «ተስፋ ቡድን» ይሉታል። ስያሜው ደስ ይላል፤ ተስፋ ግን በሚዛን የማይሰፈር ዕቃ ነው፤ ሻጩም ገዢውም የየራሱን ቁጥር ይጠራበታል።

በዚህ ነገር አብልጠው የተጨነቁት አሜሪካውያን ናቸው። ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታቸው ቡድኖች ተጫዋችን በገንዘብ ከመሸጥ ይልቅ ሰውን በሰው መለወጥ ልማዳቸው ነው። ከዋናው ሊግ በታች ደረጃ በደረጃ የተዘረጉ ትናንሽ ሊጎች ስላሏቸው፥ በየደረጃው ያለው ልጅ ሁሉ እንደ ገበያ እህል ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ1987 የዲትሮይት ቡድን ዶይል አሌክሳንደር የሚባል የ36 ዓመት ኳስ ወርዋሪ ለማግኘት ጆን ስሞልትዝ የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ለአትላንታ ሰጠ። አሌክሳንደር በቀረው የውድድር ጊዜ ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዲትሮይትን የምድቡ አንደኛ አደረገ። ልጁ ግን ለአትላንታ ሃያ ዓመት ያህል ተጫውቶ በ2015 በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ዛሬ ሁሉም ሰው ዲትሮይት ተሞኘ ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ዲትሮይት የዚያን ዓመት ድል ፈለገ፥ ከፈለገው ብዙውን አገኘ፥ ዋጋውንም ከፈለ። ሞኝነት የሚሆነው ዋጋውን ሳያውቁ መክፈል ነው።

ወደ እኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጄክ አሪዬታ ነው። ይህ ሰው ባልቲሞር ሳለ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ወርዋሪ ነበር፤ ነገር ግን ተጋጣሚዎቹ በአማካይ በአንድ ሙሉ ጨዋታ ከአምስት ነጥብ በላይ ያስቆጥሩበት ጀመር። ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል፥ ይመለሳል፥ ደግሞ ይወርዳል። በ2013፥ በ27 ዓመቱ፥ ቺካጎ ካብስ ከሌላ አንድ ወርዋሪ ጋር ወሰደው፤ የሰጠውም ሁለት ተጫዋቾች ነበር። በ2015 አሪዬታ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ተሸለመ፤ በ2016 ደግሞ ካብስ ከ108 ዓመት በኋላ ዋንጫ ሲያነሣ ከዋናዎቹ አንዱ እርሱ ነበር። ክንዱ ያው ክንድ ነው፤ የተለወጠው ቦታውና አያያዙ ነው።

ቤዝቦል ሩቅ ነው ለሚለን ደግሞ ሳላሕ አለ። ሞሐመድ ሳላሕ በጥር 2014 ቼልሲ ሲገባ 21 ዓመቱ ነበር፤ ልክ የእኛን አጥቂ ያህል። አንድ ዓመት ያህል ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ፥ በየካቲት 2015 ቼልሲ ኳድራዶን ከፊዮሬንቲና ሲያመጣ የስምምነቱ አካል ሆኖ በውሰት ወደ ጣሊያን ተላከ። የመጣው ኳድራዶ ለቼልሲ አንድም ጎል ሳያስቆጥር ሄደ፤ የተሰጠው ሳላሕ ግን በሮማ በኩል አድርጎ በ2017 ሊቨርፑል ገባና በመጀመሪያው የውድድር ዓመት በሊጉ ብቻ 32 ጎል አገባ። ከመካከላችን «አምጡት» የሚሉት ሦስቱ ይህን ታሪክ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። መልሳችን አጭር ነው፤ አንዱን ሳላሕ ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፥ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው የቀሩትን ግን ስማቸውን የሚጠራ የለም። ያልተሳካለት ሁሉ የተደበቀ ሳላሕ አይደለም፤ አብዛኛው ያልተሳካለት ስላልቻለ ነው።

ከአገራችን ልጆች ጌታነህ ከበደን እንውሰድ። ደደቢት ሻምፒዮን በሆነበት በ2005 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ፤ እዚያ በአገሩ እንደለመደው ያህል ጎል አላስቆጠረም። ተመልሶ ደደቢት ገብቶ በ2009 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ 25 ጎል አግብቶ ኮከብ አግቢ ሆነ። ይህን ቁጥር የሰበረው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ያስቆጠረው ነው፤ እርሱም በተራው ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄዶ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከሜዳ አራቀው። ታዲያ ሰው አንድ ደረጃ ላይ አልሆነለትም ማለት ከዚያ ዝቅ ባለው ላይም አይሆንለትም ማለት አይደለም። የእኛ አጥቂ ለፕሪሚየር ሊግ ቢያንስ እንኳ ለየካ አባዶ ሊተርፍ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ከ«አምጡት» ባዮች ጋር አንጣላም።

የምንጣላው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። የማይሳካለት ወጣት ዋጋው የሚታወቀው ለምን እንዳልተሳካለት ሲታወቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሄደን ልምምዱን አየን። እግሩ ደኅና ነው። ኳስ ሲቀበል ከእግሩ አትርቅም፤ ሩጫውም አለ። ነገር ግን ኳሷ እንደደረሰችው ቶሎ ለሌላ ይሰጣታል፤ ጎሉ ፊት ለፊቱ ክፍት ሆኖ ሳለ ወደ ኋላ ሲመልሳት ሁለት ጊዜ አይተናል። ያሠልጣኞቹ ጩኸት አሁንም በጆሮው ያለ ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንጠይቀው፥ ዋናው ቡድን ውስጥ በመስመር ያጫውቱት እንደነበር፥ አንድ ኳስ ሲያበላሽም ወዲያው ይቀየር እንደነበር ነገረን። ይህ ሁሉ የሚድን በሽታ ነው። በቁርጭምጭሚቱ ላይ ግን ያለፈው ዓመት ጉዳት አለ፤ ጭቃ ላይ ሲጫወት ያነክሳል። የክረምት ውድድር ደግሞ ሌላ ምንም ሳይሆን ጭቃ ነው።

አሠልጣኛችንን ጋሼን ጠየቅናቸው። ጋሼ ቀን መምህር፥ ማታ ያለ ደመወዝ የእኛ አሠልጣኝ ናቸው። «ልጁን አድነዋለሁ፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። እናንተ የምትፈልጉት በነሐሴ ነው፤ እኔ የምሰጣችሁ በሚቀጥለው ዓመት ነው» አሉን። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ፥ ልጁ ከዳነ፥ ሌላ ክለብ መጥቶ ይወስደዋል፤ ሊወስደውም ይገባል። ይህ የሰፈራችን ብቻ ችግር አይደለም። በአገራችን የተጫዋች ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስለሆነ፥ አንድን ወጣት ታግሦ የሚያቆም ክለብ ፍሬውን ሳይቀምስ ውሉ ያልቃል። ስለዚህም ክለቦቻችን ያለቀለትን ተጫዋች ማሯሯጥ መረጡ፤ ፊርማው እየናረ ስለሄደ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የአንድ ተጫዋች ከፍተኛ ደመወዝ በወር 50 ሺህ ብር እንዲሆን ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ እስከ መወሰን ደረሱ። በአሜሪካ አንድ ልጅ ዋናው ሊግ ከደረሰ በኋላ ቡድኑ ለስድስት ዓመት ያህል ይይዘዋል፤ ካብስ አሪዬታን ለማቃናት ጊዜ ያገኘው በዚህ ነው። የእነርሱን ልውውጥ ወደ እኛ ስናመጣ ስድስቱን ዓመት ጥለን ልውውጡን ብቻ እናመጣለን።

የሁለቱን ልጆች ነገር እንይ። ስለ አማካዩ ማጋነን አንፈልግም። በ16 ዓመቱ ጎልቶ የሚታይ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ ያደገ ብቻ ነው፤ እኩዮቹ ሲደርሱበት ተራ ይሆናል። ዕድሜ ደግሞ በእግር ኳሳችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያጠራጥር ነገር ነው፤ ፊፋ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ለሚጫወቱት የእጅ አንጓ አጥንት ምርመራ ያስገባው በወረቀት ማመን ስላቃተው ነው። የእኛን ልጆች ግን ከሕፃንነታቸው እናውቃቸዋለን፤ ገና ወደዚህ ሰፈር ስንገባ ውኃ በጀሪካን ደረጃ ለደረጃ ሲያወጡ የነበሩ ናቸው። የግራ ተከላካዩ ትንሽ ነው፥ ቀጭን ነው፥ ነገር ግን ማንም አልፎት ሲሄድ አላየንም። ከሁለቱ አንዱን ማስቀረት ግድ ከሆነ የምናስቀረው እርሱን ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይስቅብናል፤ ጎል የሚያገባ ሳለ ተከላካይ ማን ይመኛል?

ፊፋ ተጫዋች በገንዘብ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዋጋው አምስት በመቶው ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉ ክለቦች እንዲከፋፈል ደንብ አውጥቷል። ለዚያ ግን ክለቡ የተመዘገበ፥ ልጁም ቲሴራ ያለው መሆን አለበት። እኛ ያለን ደብተር ብቻ ነው። ዛሬ እነዚህን ልጆች ብንሰጥና ነገ አንዱ ሩቅ ቢደርስ፥ እዚህ ኳስ መጫወቱን የሚመሰክር ይህ መጽሔትና ጋሼ ብቻ ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ ስናሰላ አንድ ነገር ዘንግተን ነበር፤ ያስታወሱን የአማካዩ እናት ናቸው። ሦስታችን ሄደን ቡና ፈልቶልን፥ ጉዳዩን በተቻለን መጠን አሳምረን ስንነግራቸው ጸጥ ብለው ሰሙን፤ ከዚያም «ልጄ በግ ነው እንዴ የምትለዋወጡት?» አሉን። የውድድሩ ሽልማት ዋንጫና ሙክት መሆኑን እያሰብን አንገታችንን ደፋን። ልጁን ግን ጠይቀነው ነበርን? አልጠየቅነውም። በማግሥቱ ስንጠይቀው ደግሞ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረን። ምክንያቱም ማዶ ያለው ቡድን ታኬታ ይገዛል፤ የእርሱ ታኬታ በሁለት በኩል ተሰፍቷል። ስለ ሳላሕና ስለ አሪዬታ ስንከራከር የሰነበትነው ስምንት ሰዎች የልጁን ጫማ አላየንም።

እንግዲህ አቋማችን፥ ሦስቱ ወንድሞቻችን ባይስማሙም፥ ይህ ነው። ልውውጡን አንቀበልም። አጥቂው መልቀቂያው በኪሱ ነው፤ የማንም ንብረት ስላልሆነ ማንም በሁለት ልጅ ሊሸጠው አይችልም። እርግጥ ነው የማዶው ቡድን ለቁርጭምጭሚቱ ምርመራ ገንዘብ አዋጥቶለታል፤ ያንን ብር እኛ አዋጥተን እንመልስላቸው፥ ልጁም የወደደውን ይምረጥ። ወደ እኛ ቢመጣ ጋሼ በመሐል አጥቂነት ያሰልፉት፥ ኳስ ባበላሸ ቁጥርም ማንም አይጩህበት፤ በነሐሴ ዋንጫ ባናገኝ አናለቅስም። ታዳጊዎቹም መሄድ ከፈለጉ የሚሄዱት ከወላጆቻቸው ጋር ተመካክረው፥ ስማቸው በደብተራችን ላይ ከገቡበት ዓመት ጋር ተጽፎ፥ በሁለቱም ቡድን ተፈርሞ ይሁን። ከማሊያ ማሳጠቢያው ላይ ቀንሰን ለአማካዩ ታኬታ መግዛት አለብን። ይህን ዛሬ ማድረግ እንችላለን፤ ገንዘብ ያዡ ግን ከ«አምጡት» ባዮች አንዱ ስለሆነ ቁልፉን እስካሁን አልሰጠንም።

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከማዶው ኮሚቴ ጋር ሜዳው ላይ እንገናኛለን። አጥቂው፥ ሁለቱ ልጆችና ወላጆቻቸው ተጠርተዋል። የአማካዩ እናት እመጣለሁ ብለዋል፤ ወንበር ግን አታምጡልኝ፥ ቆሜ ነው የምናገረው አሉን።