ሰዓት ብቻውን ሯጭን አይለካም

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል የሚሸፍን የጎዳና ውድድር ነው። ከፊት ካሉት ጥቂት አትሌቶች በቀር አብዛኛው ተሳታፊ የሚሮጠው ሌላውን ለመቅደም ሳይሆን ከዚህ በፊት የገባበትን ሰዓት ለማሻሻል ነው። ስለ አንድ ሯጭ ብቃት ሲወራም መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «በስንት ገባ?» የሚለው ነው። የት ከተማ፣ በምን ዓይነት መንገድ፣ በምን ያህል ሙቀት እንደሮጠ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «ሰዓት አያዳላም» የሚለው እምነት ከተራው ሯጭ እስከ ማናጀሩ ድረስ ሥር ሰዷል። እምነቱ ግን ስህተት ነው። በውጤት ዝርዝር ላይ የሚሰፍረው ቁጥር የሯጩ፣ የመንገዱና የዕለቱ ድምር ሆኖ ሳለ፣ ሙሉ በሙሉ ለሯጩ ይሰጣል ወይም ሙሉ በሙሉ በሯጩ ላይ ይጫናል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የመንገዱ ርዝመት ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ መሠረት የጎዳና ውድድር የሚለካው በብስክሌት ጎማ ላይ በሚገጠም የዙር መቁጠሪያ ነው። ለኪው ኩርባዎቹን በውስጥ በኩል፣ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየራቀ፣ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ይከተላል። መንገዱ በስህተት እንዳያጥር ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባለበት እንኳ ስህተት ይፈጠራል። በእንግሊዝ የብራይተን ግማሽ ማራቶን ከ2015 እስከ 2017 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በ146 ሜትር አጥሮ መካሄዱ በኋላ ታውቋል። በሁለት ሰዓት የሚገባ ሯጭ 146 ሜትር ለመሮጥ 50 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። እዚያ ሰዓቱን በግማሽ ደቂቃ አሻሽሎ የተደሰተ ሰው በእውነቱ ከቀድሞው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረው የአትሌት ያለምዘርፍ የኋላው ጉዳይ ነው። ነሐሴ 2021 በሰሜን አየርላንድ ላርን ከተማ 1:03:44 ገባች። በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሩት ቼፕንጌቲች በዚያው ዓመት ኢስታንቡል ላይ ያስመዘገበችው 1:04:02 ስለነበር ክብረ ወሰኑ የተሰበረ መሰለ። መንገዱ እንደገና ሲለካ ግን 54 ሜትር ጎድሎ ተገኘ፤ ሰዓቱም ሳይጸድቅ ቀረ። እሷ በሮጠችበት ፍጥነት 54 ሜትር አሥር ሴኮንድ ያህል ነው። ቢደመርበት 1:03:54 ይሆናል፤ ያም ቢሆን ከክብረ ወሰኑ ይፈጥን ነበር። ከስምንት ሳምንት በኋላ በትክክል በተለካው የቫሌንሲያ መንገድ 1:03:51 ገባች። ያለምዘርፍ በነሐሴም በጥቅምትም ያው ሯጭ ነበረች። የላርኑ ቁጥር ግን አዘጋጆቹ በሠሩት ስህተት ጠፋ። በቫሌንሲያ ደግሞ የመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኗን የሮጠችው ለተሰንበት ግደይ በ1:02:52 ቀድማት ስለነበር ስሟ በክብረ ወሰን መዝገብ ላይ አልሰፈረም። በሰዓት ዝርዝር ብቻ የሚፈርድ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያየው አንድ መስመር ነው።

መንገዱ በልኩ ቢሆንም ቁልቁለትና ነፋስ ይቀራሉ። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ለክብረ ወሰን የሚበቃ መንገድ መነሻውና መድረሻው በቀጥታ መስመር ሲለካ ከውድድሩ ርቀት ከግማሽ በላይ እንዳይራራቁ፣ ቁልቁለቱም በአማካይ በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ከኒውካስል ተነስቶ ሳውዝ ሺልድስ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚያልቀው ግሬት ኖርዝ ረን ይህን አያሟላም። ብሪጊድ ኮስጌ በ2019 እዚያ 1:04:28 ስትገባ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የፈጠነች ብትሆንም ሰዓቷ አልተመዘገበም። ደንቡ ለታላላቆቹ ይህን ያህል ጠንቃቃ ሲሆን ተራው ሯጭ ግን ቁልቁል የሚወርድ፣ ነፋሱን በጀርባ የሚሰጥ መንገድ ፈልጎ ያገኘውን ሰዓት ከሌላው ጋር ያለ ልዩነት ያወዳድራል።

የከፍታው ነገር ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ይመለከታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየር ግፊቱም በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ በዚህ አየር ውስጥ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ቫሌንሲያ ላይ ከሚያገኘው ያነሰ ነው። ስለዚህ ለረዥም ርቀት ከተማዋ ጥሩ ሰዓት አትሰጥም። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ዝቅ ብትልም ፀሐይዋ የራሷን ዋጋ ታስከፍላለች። አውሮፓ ሄዶ በመኸር ቅዝቃዜ በባሕር ወለል ላይ የሮጠ ሰው ሰዓት እንጦጦ ሥር ከሮጠ ሰው ሰዓት ጎን ሲቀመጥ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምን ያህሉ የጉልበት፣ ምን ያህሉ የአየር እንደሆነ ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም።

ጫማውም ከዚህ አይለይም። ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ መጋቢት 2010 ሊዝበን ላይ የገባው 58:23 ለዓመታት የሚደፍረው ጠፍቶ ቆየ። ኬንያዊው አብርሃም ኪፕቱም በ2018 ያሻሻለው ሰዓት በዶፒንግ ምክንያት ተሰረዘ። በ2019 ጄፍሪ ካምዎሮር ኮፐንሃገን ላይ 58:01፣ በ2020 ኪቢዎት ካንዲ ቫሌንሲያ ላይ 57:32 ገቡ፤ በጥቅምት 2024 ደግሞ ዮሚፍ ቀጄልቻ እዚያው ቫሌንሲያ 57:30 ሮጠ። ዘጠኝ ዓመት ያልተነቃነቀው ክብረ ወሰን ከካምዎሮር እስከ ካንዲ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በ51 ሴኮንድ ወረደ። የሰው ልብና ሳምባ በዚያ አጭር ጊዜ አልተለወጠም። የተለወጠው በዋናነት ጫማው ነው፤ ወፍራም፣ ቀላልና ተስፈንጣሪ ሶል፣ በመካከሉ የካርቦን ንጣፍ። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የሶሉን ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር የገደበው ነገሩ ከቁጥጥር እንዳይወጣ ብሎ ነው። ዘርሰናይ በርቀቱ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ የመጀመሪያው በ2006 ውድድሩ 20 ኪሎ ሜትር በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ከ58:23 በታች ገብተው በግማሽ ማራቶን አንድም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ የሌላቸው ሯጮች አሉ። ምርጥ ሰዓትን ብቻ የሚያይ ዝርዝር እነዚህን ከእሱ በላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ይህ ፍርድ አይደለም።

ለሰዓት የሚከራከሩ ወገኖች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፦ ቁጥር ግብ ይሰጣል፤ ግብ የሌለው ልምምድም በሁለተኛው ወር ይላላል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ግብ ማስፈለጉ ግቡ ከመንገድና ከአየር የተነጠለ አንድ ቁጥር መሆን እንዳለበት አያሳይም። ጉዳቱ የሚጀምረው ቁጥሩ ብቻውን ሲነግሥ ነው።

ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው በውድድሩ የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች ነው። በሁለት ሰዓት ለመግባት የተነሳ ሯጭ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ መሮጥ አለበት። ጠዋት እግሩ ያረፈ ነው፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ዙሪያው ያለው ሁሉ ይፈጥናል። «አሁን ትርፍ ልያዝ» ብሎ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ5:20 ይሮጣል፤ 105 ሴኮንድ አተረፈ ማለት ነው። ሰውነቱ ግን ከሚችለው በላይ ስለተገፋ በጡንቻው ውስጥ ያለውን ስኳር ፈጥኖ ያቃጥላል፤ ትንፋሹም ያጥራል። አሥራ አምስተኛውን ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ ወደ 6:15 ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሮጥ 204 ሴኮንድ ያጣል፤ ይህም ካተረፈው እጥፍ ገደማ ነው። አሠልጣኞች ይህን ደጋግመው ይናገራሉ፤ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ሯጩ ዓይኑን የጣለው በቁጥሩ ላይ እንጂ በሰውነቱ ላይ አይደለም።

የእጅ ሰዓቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በሳተላይት የሚሠራ የእጅ ሰዓት ርቀቱን በግምት ነው የሚይዘው፤ ሯጩም ኩርባውን ሁሉ በውስጥ በኩል ስለማይይዝ በውድድሩ መጨረሻ 21.3 ኪሎ ሜትር ማሳየቱ የተለመደ ነው። ከመነሻ እስከ መድረሻ በ5:41 አማካይ ፍጥነት እንደሮጠ እያየ የመጣ ሰው መስመሩን ሲያልፍ ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ገደማ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ብዙዎች መንገዱ ረዝሟል ብለው ያማርራሉ፤ አንዳንዶችም የእጅ ሰዓታቸው 21.1 ባለበት ቅጽበት የነበረውን ቁጥር ምርጥ ሰዓት ብለው ይመዘግባሉ። መድረሻው ላይ ለመድረስ ከመቶ ሜትር በላይ እየቀረ የተያዘ ሰዓት የውድድር ሰዓት አይደለም።

ልምምዱም ከዚህ አያመልጥም። ቁጥር የሚያመልክ ሯጭ የማክሰኞውን ቀላል ሩጫ ካለፈው ማክሰኞ ለማፍጠን ይታገላል። በሱሉልታ ሜዳና በሰንዳፋ ኮረኮንች የሚሠለጥኑት ታላላቆቹ ግን በቀላሉ ቀን በጫካ ውስጥ ተከታትለው፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ፣ እያወሩ እስኪመስሉ ድረስ ዝግ ብለው ይሮጣሉ፤ ኃይላቸውን ለከባዱ ቀን ያስቀራሉ። በየቀኑ ሰዓቱን የሚፈትን ሰው ከባዱ ቀን ሲደርስ ደክሞ ይገኛል፤ ቀስ በቀስም የጉልበቱ ወይም የቋንጃው ሕመም ከሜዳ ያስወጣዋል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው በሙያው ለመኖር በሚታገሉ ወጣቶች ላይ የሚደርሰው ነው። የውጭ ውድድር አዘጋጆችና ማናጀሮች አትሌት ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የሚያዩት ምርጥ ሰዓትን ነው። ጥሩ ሰዓት የሚገኘው ግን በአብዛኛው ውጭ አገር፣ ዝቅተኛና ቀዝቃዛ ቦታ፣ በአሯሯጭ እየተመሩ ነው። አንድ ልጅ ጃን ሜዳ ላይ በአገር አቋራጭ ውድድር ታላላቆቹን እግር በእግር ቢከታተል፣ አዲስ አበባ ላይ ቢያሸንፍም እንኳ የሚያሳየው ቁጥር የለውም። ቁጥር ለማግኘት መውጣት አለበት፤ ለመውጣት ደግሞ ቁጥር ያስፈልገዋል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ተስፋ ቆርጠው የቀሩ ብዙ ጥሩ ሯጮች አሉ። ማናጀሩ ሰዓቱን ከማየቱ በፊት ልጁ ማንን እንደቀደመ ቢጠይቅ ብዙው ይቃና ነበር፤ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጠዋት፣ ሁሉም አንድ አየር እየሳበ የተገኘ ደረጃ ከፍታና ነፋስ አያዛቡትምና።

መፍትሔው አዘጋጆችንም ሯጮችንም ይመለከታል። አዘጋጆች ከውጤት ዝርዝሩ ጎን መንገዱ መቼና በማን እንደተለካ፣ የመነሻውና የመድረሻው ከፍታ ስንት እንደሆነ፣ ውድድሩ ሲጀመር የነበረው ሙቀት ስንት እንደነበር ማስፈር አለባቸው። ይህ ምንም ወጪ የማያስወጣ፣ በአንድ መስመር የሚያልቅ ጽሑፍ ነው። ተራው ሯጭ ደግሞ አንድ ምርጥ ሰዓት ከመያዝ ይልቅ ለየመንገዱ ለየብቻ ሊመዘግብ ይገባል፤ የሐዋሳውን ከሐዋሳ፣ የአዲስ አበባውን ከአዲስ አበባ ጋር፣ ዓመት ከዓመት። ከጠቅላላው ሰዓት ጎን የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ሰዓት ቢጽፍ ደግሞ ቀጣዩ ልምምድ በምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ያያል፦ የመጨረሻዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች ከመጀመሪያዎቹ እጅግ ከዘገዩ የጎደለው የአጀማመር ትዕግሥት ወይም የረዥም ሩጫ ልምምድ ነው፤ እኩል ከሆኑ ግን ሩጫውን በአግባቡ ስለመጠነው ለቀጣዩ ዓመት መጠነኛ ፍጥነት መጨመር ይችላል።