ላም አለኝ በሰማይ፣ መድኃኒት አለኝ በብልቃጥ!

«በጥናት ተረጋግጧል!» ይላል ወረቀቱ። ለመሆኑ ማን አጠናው? በማን ላይ ተጠና? የመንዟ አክስቴ ይህን አልጠየቀችም። ጡቷ ላይ እብጠት ብታይ ሁለት በጎቿን መሐል ሜዳ ገበያ አውጥታ ሸጠችና ከአንድ አዟሪ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ገዛች። «የካንሰር ሴል ይገድላል» የሚል ወረቀትም ተመረቀላት። ስምንት ወር ሙሉ ጠጣችው። በደብረ ብርሃን አድርገን አዲስ አበባ ስናደርሳት ሐኪሙ «ምነው ይህን ያህል ዘገያችሁ?» አለን። አክስቴን ቀብረናል።

እንግዲህ ጎበዝ፣ ነገሩን እንመርምረው! ወረቀቱ ጭራሽ ውሸት ቢሆን ኖሮ በቀለለ ነበር። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሴል ሲያገኝ ይገድለዋል። አዎን፣ ይገድለዋል! በረኪናም ቢያፈሱበት ይሞታል እኮ! በሳህን ላይ ያለ ሴል ጨጓራ የለው፣ ጉበት የለው፣ ደም አይዞርበት። ሰው የዋጠው ነገር ግን በአንጀት አልፎ፣ በጉበት ተሰባብሮ ነው ወደ ደም የሚገባው። ሳህኑ ላይ የፈሰሰውን ያህል እብጠቱ ዘንድ መድረሱን ማን አየ?

እርድንም ተመልከቱ። ኩርኩሚን ስለተባለው ንጥረ ነገሩ ስንትና ስንት ሺህ ጽሑፍ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች ሰብስበው ሲመረምሩት፣ በሰው ላይ ከ120 በላይ ሙከራ ተደርጎበት፣ በጥብቅ ማነጻጸሪያ የተሳካለት አንድም አላገኙም።

«ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ምግብ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል! በካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን የሳንባ ካንሰር ይከላከላል ተብሎ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ ኪኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ 18,314 ሰዎች የተካፈሉበት ተመሳሳይ ሙከራ ደግሞ በ1996 ከቀኑ በፊት ተቋረጠ፤ ካንሰሩ በ28 በመቶ ጨምሮ ነበርና። ሳህኑ ያላየውን ሰው ከፈለበት!

ተመራማሪን አልኮንንም። ሳህን የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ቀጥሎ አይጥ፣ ከዚያም ሰው አለ። የምኮንነው ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ዘሎ ገበያ የሚወርደውን ነው። ተቆጣጣሪ ነን ባዮቹስ የት ናቸው? ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬም የግሼና የመርሐቤቴ እናት ለዚህ ሕክምና አገር ማቋረጥ አለባት። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ መንገዱን ይዘጋባታል። ሐኪም ያልደረሰበት መንደር ግን አዟሪው ይደርሳል! የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የጨነቀው ገበሬ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል። መንግሥት ሐኪሙን ማድረስ ካቃተው፣ ቢያንስ ሐሰተኛውን ወረቀት ማስነሳት እንዴት ያቅተዋል?

ወገኖቼ፣ ጥቁር አዝሙዱን በዳቦና በበርበሬ ብሉት፤ የአባቶቻችን ነው። «በጥናት ተረጋግጧል» የሚላችሁን ግን «በስንት ሰው ላይ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» ብላችሁ አፋጡት። እብጠት ያየች እናት በጓን ትሽጥ፤ ግን ለጠርሙስ ሳይሆን ለአውቶቡስ ትኬት!

ልብ ያለው ልብ ይበል!