ከእድር ያልተማረ ክበብ

የሰፈር ወጣቶች ክበብ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ተማሪዎችን ሊያስጠና ይቀጥራል። አስጠኚው ይቀራል። ልጆቹ ደብተራቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው ይቆዩና ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ከተገኘ አፉን የሚያስይዘው መልስ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል፦ «በነፃ ነው እኮ የሚሠራው!» ከዚህ በኋላ ጥፋተኛው ጠያቂው ነው። ውለታ የማያውቅ፣ ደሞዝ ያልከፈለውን ሰው ሊቆጣጠር የሚዳዳው ተብሎ ይታማል።

ሙግቴ ከዚህ መልስ ጋር ነው። ክበቦቻችን የሚፈርሱት በገንዘብ እጦት ነው ሲባል እሰማለሁ። ገንዘብ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ የነበራቸውም ፈርሰዋል። ሁለቱንም ዓይነት የሚበላቸው በጎ ፈቃደኛ አይጠየቅም የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠር ደፍሮ የሚነካው የለም።

ክበብ ሲመሠረት ያየ ሰው አዘገጃጀቱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ስም ይወጣል፤ ቀጥሎ ማኅተም ይቀረጻል፣ ባነርና ቲሸርት ይታተማል፣ የክብር እንግዳ ተጠርቶ ሪባን ይቆርጣል። አባል መሆንም እንዲሁ ቀላል ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስሙንና ስልኩን ወረቀት ላይ ካሰፈረ አባል ሆነ ማለት ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚጠበቅበት፣ ሳይመቸው ሲቀር ለማን ማሳወቅ እንዳለበት የሚነግረው የለም። ወራቱን ሙሉ ብቅ ሳይል ከርሞ ፎቶ የሚነሣ ዕለት ይመጣል፤ «ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ» የሚል ሰርተፊኬትም ይቀበላል። በየሳምንቱ እየመጣች ወንበር ስትደረድር፣ ትንንሾቹን ስታስቆጥር የከረመችው ልጅ የምታገኘውም ያንኑ ወረቀት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀር ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

በጎ ፈቃደኛ አይጠየቅም የሚለው እምነት ከሰማይ አልወረደም። በአገራችን ወጣቱ ለአገልግሎት የተጠራባቸው ትልልቅ ጊዜያት በአብዛኛው የትእዛዝ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተማሪዎችና መምህራን በአሥር ሺዎች ወደ ገጠር ወጥተዋል፤ በእምነት የዘመተ ብዙ ነበር፣ አልዘምትም ያለ ግን ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበር። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበርም (አኢወማ) እስከ ቀበሌ ወርዶ ወጣቱን ሲያደራጅ መልስ የሚሰጠው ለበላይ ነበር። የዛሬው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዳጅ አይደለም፤ የአቅመ ደካማ ቤት ያድሳል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ደም ይለግሳል፣ ይህን አላቃልልም። ሪፖርቱን ያዳምጡ ግን። ይህን ያህል ወጣት ተሳተፈ፣ ይህን ያህል ሰው ተጠቀመ፣ አገልግሎቱ በገንዘብ ሲተመን ይህን ያህል ብር ሆነ ይላል። ጣሪያቸው የታደሰላቸው እናት በቀጣዩ ክረምት አፈሰሰባቸው ወይ? በሐምሌ የተተከለውን ችግኝ በጥር ውኃ ያጠጣው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ወደ ታች የሚጠየቁ ስለሆኑ ቦታ የላቸውም።

ሌላው ምንጭ የእርዳታ ገንዘብ ነው። የፀረ ኤድስ ክበባትን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ ብዙ ነው። ሞትና መገለል በየቤቱ በገባበት ሰዓት በድራማ፣ በሚኒ ሚዲያ፣ በጥያቄና መልስ ውድድር ወላጅ የማይደፍረውን ወሬ የደፈሩት እነዚያ ክበቦች ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ገንዘቡ ሲመጣ ግን ፕሮፖዛልና አበልም አብረው መጡ። ሥልጠና ያለ ዕለት አዳራሹ ይሞላል፣ አበል የሌለበት ቅዳሜ ወንበሩ ባዶ ነው። ለጋሹ ስለ ሠልጣኝ ብዛት ይጠይቃል እንጂ ስለ አዳራሹ አምፖልና ስለ ሽንት ቤቱ ውኃ አይጠይቅም። ለጋሹ ፊቱን ወደ ሌላ ጉዳይ ሲያዞር ብዙዎቹ ክበቦች ከነማኅተማቸው ጠፉ።

ታዲያ ያለ ደሞዝ ተጠያቂነት አይገኝም ማለት ነው? ከክበቡ አጥር ቀጥሎ ያለውን እድር እንይ። የእድሩ ዳኛ ደሞዝ የለውም። ጸሐፊውም ገንዘብ ያዡም እንዲሁ፤ ምናልባት ለጥሩምባ ነፊውና ለዕቃ ጠባቂው ጥቂት ይቆረጥላቸው ይሆናል። እስኪ በእድር ጉባኤ ላይ ተነሥቶ «በነፃ ነው የማገለግላችሁ፣ ሒሳብ አላሳይም» ያለ ገንዘብ ያዥ አሳዩኝ። ቃሉን ሳይጨርስ ይወርዳል። እድር ቀብር የቀረውን ይቀጣል፣ ስብሰባ የዘገየውን ይቀጣል፣ ወርሃዊ መዋጮውን ያሳለፈውን ይቀጣል፣ ደጋግሞ ያጠፋውን ይሰርዛል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፤ የጎደለ ሳህን ያስከፍላል። አዲስ ገቢ መግቢያ ይከፍላል፣ ደንቡን ያውቃል፣ ቤተሰቡን ያስመዘግባል። ይህን ሥርዓት ያቆሙት ስለ አደረጃጀት ሥልጠና ያልወሰዱ እናቶችና አባቶች ናቸው። በነፃ ያገለግላሉ፤ በነፃ ይወቀሳሉም። ተቆጣችሁኝ ብሎ ከእድር የወጣ ሰው ካለ ሰፈሩ ምን እንደሚለው ሁላችንም እናውቃለን።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤት ውስጥ አስከሬን ተኝቶ እያለ፣ የድንኳኑን ቁልፍ የያዘው ሰው «ዛሬ አልተመቸኝም» ሊል አይችልም። እንግዲህ ክበቦቻችን አፍ አውጥተው ሳይናገሩ የሚነግሩን ይህን ነው፦ ለሞተ ሰው የማይቀር አገልግሎት ይገባዋል፤ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ተመጣለትም ቀረበትም ያው ነው።

እድር የሽማግሌ ነገር ነው የሚል ወጣት ቢኖር ወደ ደም ባንክ ልምራው። ደም ልስጥ ብሎ በፈቃዱ የመጣን ሰው ነርሷ ዕድሜውን ትጠይቀዋለች፤ 18 ዓመት ካልሞላው አይሆንም። ትመዝነዋለች፤ 45 ኪሎ ካልደረሰ አይሆንም። የደም ግፊቱን ትለካለች፣ ስለ ጤናው የግል ጥያቄዎች ትጠይቃለች፣ ባለፈው መቼ እንደሰጠ ትመረምራለች፣ ሦስት ወር ካልሞላው ሌላ ጊዜ ተመለስ ትለዋለች። ተመላሹ አይቀየምም። ጥንቃቄው ለማያውቀው በሽተኛ መሆኑ ስለገባው አመስግኖ ይወጣል። በደም ላይ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች በልጆች ላይ ሲሆን ዓይናችንን እንጨፍናለን።

ይህ ነጥብ ከሁሉም ስለሚከብደኝ ሳልቆይበት አላልፍም። የቤት ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ተያዥ ይጠይቃል። ካሸሯ ተያዥ ታቀርባለች። የጥበቃ ሠራተኛ አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ያመጣል። ለወጥ ቤታችን፣ ለገንዘብ መሳቢያችን፣ ለበራችን ይህን ሁሉ እንጠይቃለን። ሠላሳ ልጆች አውቶቡስ ላይ ጭኖ ለሽርሽር ሶደሬ የሚወርደው በጎ ፈቃደኛ ግን የሚጠየቀው የቲሸርት ልኩን ብቻ ነው! የመጣው ከየት ነው፣ ከዚህ በፊት ከየትኛው ክበብ ለምን ወጣ፣ ማን ያውቀዋል የሚል የለም። አመሻሽ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን አዳራሽ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀር የሚከታተልም የለም።

ልጆች ላይ ክፉ የሚያስብ ሰው ልጆች ወዳሉበት ይሄዳል፤ ከነዚያም ውስጥ ጠያቂ የሌለበትን ይመርጣል። ወሎ ውስጥ ጃሪ በነበረው የሕፃናት መንደር ይሠራ የነበረ የውጭ ዜጋ በልጆች ላይ በፈጸመው ጥቃት እዚሁ አገራችን ፍርድ ቤት ቀርቦ እስራት ከተፈረደበት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ያ እንኳ ጽሕፈት ቤት፣ ደሞዝና አለቃ ያለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነበር። አለቃም መዝገብም የሌለው የሰፈር ክበብ ከዚያ የተሻለ ጥበቃ አለው ብሎ የሚያስብ ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ፣ በመንግሥትም ሆነ በግል የበጎ አድራጎት ተቋም፣ የሕፃናት ደኅንነት ሊቀድም እንደሚገባ ይደነግጋል። የሚቀድመው የልጁ ደኅንነት ነው፤ የበጎ ፈቃደኛው ስሜት በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጅ ጋር ዘግቶ አይቀመጥ፤ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ። አዲስ የመጣ አገልጋይ ሁለት የሚያውቁትን ሰዎች ይጥራ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከነባር ጋር ይሥራ። ወላጅ ሳይነገርና ሳይፈርም ልጅ ከሰፈር አይውጣ። ይህ ሁሉ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይፈልጋል።

ተጠያቂ ያልሆነ አገልግሎት ሌላም ነገር ያመጣል፤ የማይወርድ ሰብሳቢ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ፖሊሲው ሲወጣ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ አርባውን አልፏል፤ የ«ወጣቶች ክበብ» ማኅተም ግን አሁንም በኮቱ ኪስ ነው። ለምን ቢሉት «ዕድሜዬን የሰጠሁት ቤት ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሰጥቷል። የሰጠውን ግን መልሶ ወስዶታል፤ ክበቡ ርስቱ ሆኗል። የባንክ ሒሳቡ በእሱ ፊርማ ይንቀሳቀሳል፣ አዳራሹ በእሱ ቁልፍ ይከፈታል፣ ምክትሉ የሚመረጠው ሐሳብ ስለሌለው ነው። ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በማኅበር ውስጥ የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው መሆኑን ይናገራል። ብዙዎቹ የሰፈር ክበቦች በዚህ አዋጅ የተመዘገቡ አይደሉም፤ መርሁን ለመከተል ግን ምዝገባ አያስፈልግም። ጣምራ ፊርማ፣ የተወሰነ የሥራ ዘመን፣ በዓመት አንዴ አባላት ፊት የሚነበብ ሒሳብ ይበቃል። እድር ይህን ያለ አዋጅ ሲያደርገው ኖሯል።

የሚቀርብልኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ደንብ ካበዛችሁ ማን ይመጣል? ያሉትም ይሸሻሉ» ይባላል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ለአንድ አዳራሽ ሦስት የትብብር ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ለሁለት ሰዓት የኳስ ጨዋታ የዕቅድ ቅጽ የሚያስሞላ አሠራር ወጣቱን ያባርራል፤ ያ ወረቀት የሚጠቅመው ጠረጴዛ ላይ ላለው ሰው ነው። እኔ የምጠይቀው ወደ ልጆቹና ወደ ወላጆቻቸው የሚመለከት ደንብ ነው። በዚህ ደግሞ የሚሸሸው ማን እንደሆነ ልብ እንበል። ተያዥ አቅርብ ሲባል የሚሸሽ ሰው ቢሸሽ ይሻላል። በሰዓቱ የምትመጣው፣ የጀመረችውን የምትጨርሰው ልጅ ዛሬ ክበባችንን ጥላ የምትሄደው ደንብ ስላለ አይደለም፤ ከሷ ጋር ስሙ የተጻፈው ሰው ሳይመጣ ሲቀር ማንም ምንም ስለማይል ነው። የእድር ደንብ ከክበብ ደንብ ይጠብቃል፣ የእድር አባል ግን ሲሸሽ አላየንም።

ጥፋቱ የወጣቶቹ ብቻ ነው ካልኩ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ወላጅ ልጁን ክበብ ሲልክ የሰላም ከሰዓት እንቅልፍ አገኘሁ ብሎ ነው፤ አዳራሹን ገብቶ ያየው ጥቂት ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሰጠውን አዳራሽ ለስብሰባ ሲፈልገው በማለዳ ደውሎ ያስለቅቃል፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ለወጣቱ ተብለው ከተሠሩት ማዕከላት ውስጥ ቤተ መጻሕፍታቸው ተቆልፎ የፑል ጠረጴዛቸውና የዲኤስቲቪ ስክሪናቸው ብቻ ሥራ ላይ ያሉትን እናውቃቸዋለን። ከማዕከላቱ ኪራይ የሚገኘው ብር የት እንደሚገባም ወጣቱ አይነገረውም። መንግሥትም፣ ለጋሽም፣ ወላጅም ወጣቱን በነፃ ያሠሩታል፤ አይጠይቁትም፣ እሱም እንዳይጠይቃቸው ይስማማቸዋል። ዝምታው የጋራ ጥቅም ሆኗል።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልጅህን ከመላክህ በፊት አንድ ጊዜ አብረህ ሂድ። ሁለተኛው ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ፣ ልጆቹ የሚመዘገቡበት ደብተር የት እንዳለ፣ አስጠኚው ሲቀር ማን እንደሚደውልልህ ጠይቅ። አጥጋቢ መልስ ካላገኘህ ልጅህን ይዘህ ተመለስ፣ ለጎረቤትህም ንገር። ክበብ ልትገባ ያሰብክ ወጣት፣ ምን ትጠብቁብኛላችሁ ብለህ ሳትጠይቅ ስምህን አትጻፍ፤ መልስ የሌለው ክበብ ጊዜህን እንጂ አገልግሎትህን አይፈልግም። አንተም ሁለት የሥራ ዘመን ያለፈህ ሰብሳቢ፣ ጉባኤ ጥራና ማኅተሙን፣ የባንክ ደብተሩንና የአዳራሹን ቁልፍ በጽሑፍ አስረክብ፤ ርክክቡ ላይም ሁለት ምስክር ይፈርምበት።