«ቤት የተሠራ ነው» ማለት «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም፦ ክሬም የተሞላ ኬክ ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩ!



ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለዒድ ኬክ ቤት ውስጥ መጋገር ጥሩ ነገር ነው፤ አልቃወምም። የምቃወመው «ማታ ሠርታችሁ ለነገ አሳድሩት» የሚለውን ምክር ነው። በተለይ መሐሉ ካስታርድ (በወተትና በእንቁላል የሚሠራ ክሬም) ተሞልቶ ላዩ ቸኮሌት ለሚፈስበት ኬክ ይህ ምክር አደገኛ ነው። የዚህ ኬክ መነሻ የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ናት። የእኛ ኩሽና ግን አሶሳ ነው፤ የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ያለበት፣ መብራት የሚሄድበት። ኩርሙክና ሸርቆሌ ላላችሁማ ይብሳል።

ወተት፣ እንቁላልና ስኳር ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለባክቴሪያም ምግብ ናቸው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል፤ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ከምሽት እስከ ጠዋት ስንት እጥፍ እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ላዩ ላይ የፈሰሰው ቸኮሌት ክዳን እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ብዙ ጊዜ የምሰማቸው መከራከሪያዎች እነዚህ ናቸው፦

«አፍልቼዋለሁ፣ ጀርሙ ሞቷል።» ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከአፍንጫችን፣ ከእጃችን፣ ከቆሰለ ጣት ወደ ክሬሙ የሚገባው ከተበሰለ በኋላ ነው። የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም።

«ሽታውም ጣዕሙም አልተለወጠም።» የሚያሳምም ክሬም ብዙ ጊዜ ጣዕሙን አይለውጥም። ምላስ ላቦራቶሪ አይደለም።

«እኛ በልተን አድገናል፣ ምን ሆንን?» ከድግስ ማግስት ያስመለሰውን ልጅ «ዓይን በላው»፣ «ብርድ መታው» እያልን አልፈነው ይሆናል። የትንሽ ልጅ ሰውነት ውሃ ቶሎ ያልቅበታል፤ አዋቂውን ግማሽ ቀን የሚያስተኛው ተቅማጥ ሕፃኑን ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

«ውድ ነው፣ መጣል ግፍ ነው።» እውነት ነው፣ የእንቁላሉም የስኳሩም ዋጋ ይታወቃል። ስለዚህ እንዳይጣል አድርጋችሁ ሥሩት፦

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ እንቁላል ከሰበራችሁ በኋላም ድገሙት። ጣቱ የቆሰለ ወይም እባጭ ያለበት ሰው ክሬም አይንካ።
2. ወተቱን አፍሉ። ክሬሙን እያማሰላችሁ እስኪወፍርና እስኪንተከተክ አብስሉ።
3. ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍሱና ቶሎ አብርዱት፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ቤቱ በጣም ከሞቀ በ1 ሰዓት ውስጥ።
4. ኬኩን የምትሞሉት በሚበላበት ቀን ይሁን፤ እስኪቆረስም ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። መብራት ከ4 ሰዓት በላይ ከጠፋ አትብሉት።

ፍሪጅ የለንም የምትሉ፣ ካስታርድ ይቅርባችሁ። በማርማላታ ሙሉት፤ ወይም የአሶሳ ማንጎ በደረሰ ጊዜ ማንጎውን ልጣችሁ በስኳርና በሎሚ አብስሉና በዕለቱ ሙሉበት። ላዩን በካካዎ፣ በስኳርና በውሃ በተሠራ ቸኮሌት ሸፍኑት። ልጆቻችሁ ቅር አይላቸውም።

ከበላ በኋላ ልጁ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠውስ? ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውሃ መጠን በጥብጣችሁ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ማጥባት አታቋርጡ። ተቅማጥ ላለበት ከ5 ዓመት በታች ልጅ ዚንክ ከጤና ጣቢያ ጠይቁ። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ወይም ተቅማጥ ማቆሚያ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ።

መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያንም ቶሎ ይታዩ።

ልጆቻችሁን ለማስደሰት የደከማችሁበት ኬክ ሆስፒታል አያስገባቸው። ክሬም አይደር! ለሚጋግሩ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።